ወንዱም ሴቷም የእራት ዕቃ ያጥባሉ

የ8 ዓመቱ ልጄ በተራው የእራት ዕቃ ያጥባል። የ12 ዓመቷ እህቱ ሽሮ ትሠራለች፤ የደንብ ልብሷን ራሷ አጥባ ራሷ ትተኩሳለች። 5 ዓመት ያልሞላት ትንሿ ደግሞ በር ላይ የተዝረከረከውን ጫማ ጥንድ በጥንድ ታሰልፋለች፤ ማዕድ ሲቀርብ ማንኪያ ታድላለች። ቤታችን ጀሞ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ አዳር ተረኛ የምሆንበት ቀን አለ። ባለቤቴ የመንገድ ሥራ ቀያሽ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ክፍለ ሀገር ነው።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ሁለት ጥያቄ ይነሣል። አንደኛው «እንዴት እሺ አሉሽ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ሠራተኛ እያለሽ ልጆቹን ለምን ታደክሚያቸዋለሽ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ሆዴን ስለሚበላኝ ከሱ ልጀምር።

ሠራተኛችን 19 ዓመቷ ነው። የማታ ተማሪ ናት፤ 11 ሰዓት ሲሆን ደብተሯን ይዛ ትወጣለች። እኛ እራት የምንበላው እሷ ከወጣች በኋላ ነው። ያ ዕቃ ካልታጠበ ማንን እንደሚጠብቅ ግልጽ ነው። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ውላ፣ ስትማር አምሽታ፣ በሩን ከፍታ ስትገባ የቤተሰቡ ሳህን ሁሉ ተቆልሎ ይቀበላታል። የበላንበት እኛ ነን። ጤነኛ ልጆች ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው ቴሌቪዥን እያዩ ያ ሳህን እሷን ሲጠብቅ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ከዚህ የባሰም አለ። በብዙ ቤት ሠራተኛ የምትባለው ገና ልጅ ናት። የ12 እና የ13 ዓመት ልጅ የእኩያዋን ካልሲ ታጥባለች፤ የእኩያዋን ቦርሳ ተሸክማ ትምህርት ቤት በር ድረስ ትሸኛለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። አዋጁ ግን የቤት ውስጥ ቅጥርን ስለማይሸፍን እነዚህ ልጆች ከሕጉ ደጅ ቀርተዋል። ከአቅሟ በላይ የሆነ ድስት ስታወርድ ክንዷን የተቃጠለች ልጅ አክሜ አውቃለሁ። ያመጣቻት አሠሪዋ ነበረች፤ የራሷንም ልጅ አስከትላለች። ሁለቱ ልጆች አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳያቸው ዕድሜያቸው አንድ ነው። አንዷ ለቤት ሙሉ ሰው ታበስላለች። ሌላዋን «ሻይ ማፍላት ትችያለሽ?» ብላት አልችልም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ተበድለዋል።

«ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ካልሲውን በጣለበት ጥሎ፣ በማግስቱ ታጥቦ ታጥፎ መሳቢያው ውስጥ የሚያገኝ ልጅም የሚይዘው ነገር አለ። እኔ የጣልኩትን የሚያነሣ ሰው አለ የሚለውን ይይዛል። ያንን ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ማስለቀቅ ከባድ ነው። ሚስቱ ታውቀዋለች፤ የሥራ ባልደረቦቹም ያውቁታል።

አባቴ ያደገው መንዝ ነው። የልጅነቱን ነገር ሲያወራ ዕድሜውን የሚቆጥረው በሥራው ነው። «ስጥ ስጠብቅ በነበረ ጊዜ»፣ «ጥጃ ጠባቂ ሳለሁ»፣ «በግ ማገድ ስጀምር» ይላል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ እህል ከዶሮና ከወፍ መጠበቅ የትንሽ ልጅ ሥራ ነበር። ከዚያ ጥጃ ይመጣል። የጥጃ ጠባቂ ዋና ሥራው ጥጃው ከእናቱ ጋር እንዳይገናኝ ማድረግ ነው። ልጁ ተዘናግቶ ጥጃው ከጠባ የዚያን ቀን ማታ ወተት የለም። አንድ ቀን አባቴ ከጓደኞቹ ጋር የገና ጨዋታ ሲጫወት ጥጃው አምልጦት ጠባ። ማታ እናቱ ባዶውን ማለቢያ አሳየችው። አልመታችውም፤ ብዙም አልተናገረችውም። ዛሬ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖት ያን ማለቢያ ያነሣዋል። ለልጅ የተሰጠው ሥራ የእውነት ሥራ ከሆነ ውጤቱ ራሱ ያስተምረዋል፤ ምክር መደርደር አያስፈልግም።

ይህን ሥርዓት ግን እንዳለ እንዲመለስ አልመኝም። አባቴ ትምህርት ቤት የገባው ከብቱን የሚረከበው ታናሽ ወንድሙ እስኪደርስ ተጠብቆ ነው። ታላቅ እህቱ ጭራሽ አልገባችም። ልጅን የሚያሳድግ ሥራ አለ፤ ልጅነቱን የሚበላ ሥራም አለ። ትምህርቱን ይነካበታል? እንቅልፉን ይቀማዋል? አካሉ ይችለዋል? እኔ የማየው ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ እንጠብቅ ይላል። እዚያው ቻርተር ውስጥ 31ኛው አንቀጽ ደግሞ ልጅም እንደ ዕድሜውና እንደ አቅሙ ለቤተሰቡ ግዴታ እንዳለበት፣ ወላጆቹን ሲቸገሩ መርዳት እንዳለበት ይናገራል። ሁለቱን በአንድ ሰነድ ላይ ማግኘቴ ደስ ይለኛል። አንዱን ይዞ ሌላውን የሚጥል ሰው ስላልጠፋ።

እኔ ደግሞ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ሦስት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ነበርን። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው በዚያ ውሃ ማታ ዕቃ ማጠብ ምን እንደሆነ ይገባዋል፤ ጣት ይደነዝዛል። እኛ ሴቶቹ አጥበን፣ ጠርገን፣ ማዕዱን አነሣስተን እስክንቀመጥ ወንድሞቻችን የቤት ሥራቸውን ጨርሰዋል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ቀድሞ የጀመረ ሠራ፤ ያልጀመረ ቀረበት። እናቴ ክፉ ሆና አልነበረም። እሷም ያየችው ይህንኑ ነው። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርት ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ሴት ልጆች በዓለም ዙሪያ ለቤት ሥራ፣ ውሃ ለመቅዳትና እንጨት ለመልቀም ከወንድ እኩዮቻቸው 40 በመቶ የበለጠ ጊዜ እንደሚያጠፉ ገልጿል። ቁጥሩን ሳነብ ትዝ ያለኝ ያ ሳይሠራ የተዘጋ ደብተሬ ነው።

ወንዶቹም ቢሆኑ አልተጠቀሙም። ታናሽ ወንድሜ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ በሕይወቱ ሸሚዝ አጥቦ አያውቅም ነበር። ከቤት የምንልክለት ገንዘብ ለልብስ አጣቢ ያልቃል። ደግነቱ የዶርም ጓደኞቹ አስተማሩት። ሜሪላንድ ያለችው እህቴም የምትለው ተመሳሳይ ነው። እዚህ ሳሉ ወጥ ቤት ገብተው የማያውቁ ወንዶች እዚያ ሲደርሱ ሚስት በሌላ ፈረቃ ስለምትሠራ ከዜሮ ይጀምራሉ። ይለምዱታል፤ ግን ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ። በ8 ዓመቱ ቢለምደው ምን ነበረበት?

ስለ ወንዶች ልጆች ካነበብኩት ሁሉ ከውስጤ ያልወጣው የጎረቤታችን የኬንያ ጉዳይ ነው። ካሮል ኤምበር የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ምዕራብ ኬንያ ውስጥ የሉዎ ሕዝብ ልጆችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1973 ጽፋለች። እዚያም እንደኛው ሥራው የሴትና የወንድ ተብሎ የተከፈለ ነው። አንዳንድ ቤት ግን ለሥራ የደረሰች ሴት ልጅ አትገኝም። እናቲቱ ምርጫ ስለሌላት የሴት የሚባለውን ሥራ ለወንድ ልጇ ትሰጣለች። ኤምበር እነዚህን ልጆች ከሌሎቹ ወንዶች ጋር ስታነጻጽር፣ በተለይ ቤት ውስጥ የሚሠሩት ጠበኝነታቸው ያነሰ ሆኖ አገኘችው። አንድ ጥናት ሁሉን ነገር አይናገርም። የእኔ ልጅ ግን ትንሿ እህቱ ስታለቅስ ውሃ ይዞላት የሚመጣው ዕቃ ማጠብ ከጀመረ ወዲህ ነው። ግንኙነት አለው ብዬ አምናለሁ።

አማቴ በዚህ አይስማሙም ነበር። ለፋሲካ መጥተው ሰነበቱ። ማታ ልጁ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት ሳፋ ከፊቱ አስቀምጦ ሲያጥብ አዩት።

«አንቺ ልጅ፣ ወንዱን ማጀት አስገባሽው?»

«እማማ፣ ዛሬ የሱ ተራ ነው።»

«ሴቷ ምን ሆና?»

«እሷ ነገ ናት፣ እማማ።»

ዝም አሉ። ዝምታቸው እሺ ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። በማግስቱ ምሳ ሲቀርብ ያው ልጅ ማስታጠቢያውንና ጆጉን ይዞ፣ ፎጣውን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ መጀመሪያ እሳቸው ፊት ቆመ። በቀስታ አንቆረቆረላቸው። «እደግ፣ ተመንደግ» ብለው መረቁት። ከሰዓት በኋላ ቡና ስናፈላ ሳልጠይቃቸው አንድ ነገር አወጉኝ። የመጨረሻውን ልጅ የወለዱ ጊዜ ባለቤታቸው እሳት ማቀጣጠል አያውቁም ነበር አሉ። ጎረቤት መጥታ ገንፎ እስክታገነፋላቸው ድረስ ባዶ ሆዳቸውን ተኝተዋል። «ደግ ሰው ነበር። አያውቅም፤ ማን አሳይቶት» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ማጀት አልተነሣም። እንዲያውም ምስር ሲለቅሙ ልጁን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። እንዴት እሺ አሉ?

ሥራው ሰዓት አለው። እራት ተበልቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ወዲያው ነው። እኔ ሲደክመኝ የሚታዘዝ፣ ሳይደክመኝ የሚቀር ነገር ካደረግሁት ልጁ ሥራውን ከእኔ ስሜት ጋር ያያይዘዋል። ተራው ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ተጽፏል። ሰኞ የማን እንደሆነ እኔን አይጠይቁም፤ ግድግዳውን ነው የሚጠይቁት። ሌላው ነገር ሥራው ሙሉ መሆኑ ነው። «ና ይቺን ያዝልኝ፣ ያንን አቀብለኝ» እያልን የምናሯሩጠው ልጅ ቀኑን ሙሉ ተልኮ ምንም ነገር አልሠራሁም ይላል፤ እውነቱን ነው። ዕቃ ማጠብ የእሱ ከሆነ ከመጀመሪያው ብርጭቆ እስከ ሳፋው መደፋት የእሱ ነው።

ማሳየት ላይ ግን አልቸኩልም። ዕቃ ማጠብ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ብርጭቆ፣ ቀጥሎ ማንኪያና ሹካ፣ ቀጥሎ ሳህን፣ በመጨረሻ ድስት። ቅባት ያለው ቀድሞ ከገባ ውሃው ሁሉ ቅባት ይሆናል። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ አንድ ጀሪካን ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ አንዱ ሳፋ የሳሙና፣ አንዱ የማለቅለቂያ ነው። ብርጭቆ ያለቀለቀው ውሃ ሳሙና ተጨምሮበት ድስት ያጥባል። የመጨረሻው ውሃ ሽንት ቤት ይደፋል። ወጥ የነበረበት ድስት መጀመሪያ ትንሽ ሙቅ ውሃ ተደርጎበት ይቆያል። ሳህኑ መጥራቱን በዓይን ብቻ አያምኑም። ጣት ያሽከረክሩበታል። ካንሸራተተ ገና ነው። ሲጥ ካለ ጠርቷል። ይቺን ሲጥ የምትል ድምፅ ልጆቼ እንዴት እንደሚወዷት!

መጀመሪያ ሰሞን እኔ ሳጥብ አጠገቤ ተቀምጦ አየ። ከዚያ እሱ ሲያጥብ እኔ አለቀለቅሁ። ከዚያ ተነሥቼ ሳሎን ሄድኩ። ለእናት ከባዱ ይሄ የመጨረሻው ነው። ድምፅ ይሰማል፤ ውሃ ሲፈስ ይሰማል፤ ብርጭቆ ሲጋጭ ይሰማል። ዝም ማለት ያስፈልጋል። ከኋላው ገብቶ የታጠበውን እንደገና ማጠብ ደግሞ የልጁን ልፋት እፊቱ መድፋት ነው። ቅባት የቀረበት ሳህን ካገኘሁ ያንኑ አንዱን ሳህን ይዤ «ጣትህን አሽከርክርበት» እለዋለሁ። ራሱ ይሰማዋል፤ ራሱ ይመልሰዋል።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚል ተረት አለን። ብዙ እናቶች ልጅን ከወጥ ቤት የሚያስወጡት በዚህ ነው፤ ያበላሻል፣ ያዘገያል፣ ያባክናል። ልክ ነው፣ ያ ቡሖ ለዛሬ እራት አይበቃም። ታዲያ እንጀራው ለእራት ሳይሆን ለልምምድ ይሁና! ሰዓት ባለን ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እንግዳ በሌለበት ይሞክሩ። ቸኩለን ለሥራ በምንወጣበት ጠዋት ልጅን ማስተማር አይሆንም፤ መቆጣት ነው የሚሆነው።

ትልቋ ሽሮ የጀመረችው በቅዳሜ ነው። ችግሯ መጓጎል ነበር። ዱቄቱን የፈላ ውሃ ላይ ስትበትነው ውጪው ይበስልና ውስጡ ደረቅ ይሆናል። ዱቄቱን አስቀድማ በቀዝቃዛ ውሃ ሳህን ላይ በጥብጣ፣ ቁሌቱ ውሃ ተጨምሮበት ሲፈላ ቀስ እያለች እያማሰለች እንድትጨምረው አሳየኋት። ጓጉል ጠፋ። ሽሮ ሲንተከተክ እንደሚፈናጠር፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጎ ራቅ ብሎ መቆም እንደሚያስፈልግም አስቀድማ አወቀች። ዛሬ ጨውና ቅመም የምትመጥነው ራሷ ናት። አባቷ ከመስክ ሲመጣ «የማን እጅ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ያለው ፊቷ ደስ ይላል። ባለቤቴ ካምፕ ውስጥ ራሱ እያበሰለ የሚኖር ሰው ስለሆነ እቤት ሲመጣ ወጥ ቤቱን ይይዘዋል። ወንዱ ልጄ ከእኔ ስብከት ይልቅ ያንን ያያል።

ትንሿስ? ትንሾች ሥራ ይወዳሉ፤ እኛ ነን የምናባርራቸው። መጥረጊያ ይዛ ስትመጣ «ሂጂ፣ ተጫወቺ» የተባለች ልጅ፣ 10 ዓመት ሲሞላት «ነይ ጥረጊ» ስትባል ለምን እንደምታኮርፍ ግልጽ ነው። ማሪያ ሞንቴሶሪ የምትባል ጣሊያናዊት ሐኪምና የሕፃናት አስተማሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በተባለ የድሆች ሰፈር የልጆች ቤቷን ስትከፍት፣ ለትናንሾቹ ልጆች ያስለመደቻቸው መጥረግ፣ መታጠብ፣ ማዕድ ማቅረብ ነበር። የሚሰበር ዕቃም ትሰጣቸው ነበር፤ ሲሰበር ስለሚያዩት ይጠነቀቃሉ። የእኛ ትንሿ ሲኒ ታቀብላለች፣ ፈንድሻ ታዞራለች፣ ጎረቤት በር ሄዳ «ቡና ጠጡ ተብላችኋል» ትላለች። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት የሚተዋወቀው በእነዚህ ልጆች እግር ነው ብል አላጋነንኩም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ምስርና ሽንብራ ስትለቅም ብቻዋን አልተዋትም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ፍሬ አፍንጫውና ጆሮው ውስጥ ይከታል። ከገባ ደግሞ በወረንጦ ወይም በክብሪት እንጨት አትጎርጉሩት፤ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ነርስነቴ ከተነሣ አይቀር፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ልጅን ሥራ ማስተማር አደጋውንም ማስተማር ነው።

ጀሪካን። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። የ8 ዓመት ልጅ ራሱ ክብደቱ 25 ኪሎ ገደማ ነው። ራሱን የሚያህል ነገር አሸክማችሁ 4 ፎቅ አታስወጡት። ለእሱ ባለ 5 ሊትሯ ትበቃዋለች።

በረኪና። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ አሁንም እናገራለሁ። በረኪናን በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ላምባንም እንዲሁ። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። በተለይ ቤት የሚያጸዱ ልጆች ባሉበት ቤት ዕቃው በራሱ ጠርሙስ፣ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ከጠጣ እንዲያስመልስ አታድርጉት፤ ሲመለስ ጉሮሮውን እንደገና ያቃጥላል፣ ሳንባውም ሊገባ ይችላል። ጠርሙሱን ጭምር ይዛችሁ ሩጡ። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋርም፣ ከኮምጣጤ ጋርም ማቀላቀል አይገባም፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። የእኔ ልጆች በረኪና አይነኩም። ሽንት ቤቱን የምናጸዳው እኔና ባለቤቴ ነን።

እሳት። የሚፈላ ዘይት፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የፈላ ጀበና፣ የሚፈጭ ማሽን ለትልቋም ገና ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማንም አያቀጣጥልም፤ እኔም ብሆን። ቃጠሎ ከደረሰ ንጹሕ ቀዝቃዛ የሚፈስ ውሃ ለ20 ደቂቃ። ቡሖ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ አይደረግበትም። እንዲህ ተቀብቶ የመጣ ቁስል ስንጠርግ ልጁ ሁለተኛ ይቃጠላል። ቧንቧ በፈረቃ ስለሆነ ወጥ ቤት አጠገብ የማትነካ አንዲት ጀሪካን አለችን። ልጆቹ ለምን እንደተቀመጠች ያውቃሉ። መስኮት መወልወልም የትልቅ ሰው ነው። 4ኛ ፎቅ ነን።

ስለ ክፍያ የሚጠይቁኝም አሉ። እህቴ ሜሪላንድ ለልጆቿ በረዶ ሲጠርጉ ገንዘብ ትሰጣቸዋለች። እሷ የምታደርገው ለሷ አገር ይስማማ ይሆናል፤ ልጆቿ ገንዘብ መቁጠርም የሚማሩት በዚያው ነው። እኔ ግን ለበሉበት ሳህን አልከፍልም። ልጄ ብር ባይፈልግ ነገ ሳህኑን ሊተወው ነው ማለት ነዋ! ሲሠሩ ምርቃት አለ። «ተባረክ፣ እጅህ ይባረክ» ሲባል ልጄ አንገቱን ደፋ አድርጎ ይስቃል። እንግዳ ባለበት ደግሞ ሥራው በስሙ ይነገርለታል፤ «ዕቃው ላይ እሱ ነው» እላለሁ፣ ተራው የእህቱ ከሆነ «እሷ ናት»።

የማይታዘዙበት ቀንም አለ። ወንዱ ኳስ አይቶ የእራት ሰዓት ያልፈዋል፤ ትልቋ ስልክ ከያዘች አትሰማም። ያን ጊዜ አልጮህም፤ አላጥብለትምም። ሳህኑ እዚያው ያድራል፤ ጠዋት ቁርስ የሚቀርብበት ሳህን ያነሰ እንደሆነ ባለተራው ተነሥቶ ያጥባል። ሠራተኛችንን ያን ዕቃ እንዳትነካው ለምኜያታለሁ። መጀመሪያ ተጨነቀች፤ የማትሠራ መስላ እንዳትታይ። ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት። አሁን ልጁ ቢያባብላትም «ግድግዳውን እይ» ትለዋለች።

ዘንድሮ ትልቋ የ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና አለባት። እስክትፈተን ከሥራ አሳርፊያት የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ሽሮው አባቷ ባለበት ቀን የአባቷ ሆነ፤ በሌለበት የእኔ። የደንብ ልብሷን ግን ራሷ ታጥባለች፤ አልተውም አለች። ከዕቃ ተራዋ የረቡዑን ወንድሟ ወስዶላታል። በምላሹ ፈተናው ካለቀ በኋላ፣ ክረምት ላይ፣ ሽሮ ልታሳየው ተስማምተዋል። እኔ ደግሞ ለእሱ የምትሆን፣ እጀታዋ ከሁለት በኩል የሆነ ትንሽ ድስት መርካቶ እየፈለግሁ ነው።